በሣጥኔ ውስጥ የነበረው ብል

ዛሬ ላካፍላችሁ ያሰብኩት ስለ ብል ነው። አዎን፣ በትክክል አንብባችኋል፤ ልብስ ስለሚበላው ብል ነው። “የመጋቢ ሚስት፣ ያውም የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምራ፣ ስለ ብል የምትጽፈው ሌላ ርዕስ ጠፍቶ ነው?” የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ቀድሞ ቢሆን እኔም እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን ጌታ በአንድ የልብስ ሣጥን አጠገብ አንበርክኮ ያስተማረኝ ነገር አለና፣ እስቲ ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

ያ የቅዳሜ ጠዋት

ነገሩ የሆነው ከስድስት ዓመት በፊት በጥር ወር ነው። ጥር የሠርግ ወር እንደ መሆኑ በአገልጋይ ቤት ቅዳሜ ዕረፍት የለም። ባለቤቴ በዚያ ቀን ከጉባኤያችን ሁለት ወጣቶችን ሊያጋባ በጠዋት ተነሥቶ ጥቁር ሱፉን ከቁም ሣጥን አወጣ። እኔ ማዕድ ቤት ቁርስ አሰናዳለሁ። ትንሽ ቆይቶ “እስቲ ነይ፣ ይህን እይ” ብሎ ተጣራ። ስሄድ ኮቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ ይዞ ቆሟል። በግራ ደረቱ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ሦስት ቀዳዳዎች፣ ከአንገትጌው ሥር ደግሞ አንድ ተለቅ ያለ ቀዳዳ ነበረበት።

“አንቺ እኮ ልብስ ታከማቻለሽ እንጂ ተመልሰሽ አታዪውም” አለኝ።

እኔም ዝም አላልኩም። “አንተስ? ላብህንና የወጥ ጠብታህን እንደያዘ መልሰህ የምትሰቅለው ማን ያጽዳልህ ብለህ ነው?” አልኩት።

ልጆቻችን በር ላይ ቆመው ያዩናል። ሌሎችን በጋብቻ ሊያጣምር የሚሄድ ሰው ከገዛ ሚስቱ ጋር ተኳርፎ፣ ግራጫ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። በኋላ ስለ ብል ስማር ሁለታችንም እውነት እንደ ነበረን ተረዳሁ። በዚያ ጠዋት ግን ማን ማንን ይስማ?

የእናቴ ባና

እርሱ እንደ ወጣ አንድ ነገር ልቤን ሸነቆጠኝ። ከአልጋችን ሥር ያለውን የእንጨት ሣጥን ጎትቼ አወጣሁ። በውስጡ የእናቴ ባና ነበረ።

እናቴ የመንዝ ሰው ነበረች። መንዝ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ደጋ ነው፤ የአገሩ በጎችም ለዚያ ብርድ የሚሆን ጠጉር አላቸው። ያ ጠጉር ተፈትሎና ተሠርቶ ወፍራም ብርድ ልብስ ሲሆን ባና ይባላል። እናቴ ለሠርጌ ብላ ጠጉሩን በገዛ እጇ ፈትላ፣ አሠርታ ሰጠችኝ። እኔም “ይህማ ለክብር ቀን ነው” ብዬ ከሣጥን ከተትኩት። አዲስ አበባ መጥታ በጠየቀችን ቁጥር “ባናውን ትለብሱታላችሁ? ይሞቃችኋል?” ትለኝ ነበር። “እንዳይቆሽሽ ብዬ አስቀምጬዋለሁ እማዬ” እላታለሁ። አንድ ጊዜ ግን “ልጄ፣ የሰጠሁሽ እንድትሞቂበት ነው እንጂ እንድትጠብቂው ነው እንዴ?” አለችኝ። ስቄ አለፍኩት። ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ወደ ጌታ ሄደች።

ያን ቅዳሜ ሣጥኑን ስከፍት ባናው ከላይ ደህና ይመስል ነበር። ሳጥፈው እንደ ነበረው ተኝቷል። እጥፉን ስገልጠው ግን ጠጉሩ በመስመር በመስመር ተልጦ፣ አንዳንዱ ቦታ ክሩ ብቻ ቀርቷል፣ አንዳንዱ ቦታ እጄ ያልፋል። በእጥፉ መካከል እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነጭ ነገርና እንደ አሸዋ የደቀቀ ፍግ ነበረ። ራሳቸው ቡናማ የሆነ ነጫጭ ትሎችም ከብርሃኑ እየሸሹ ወደ ውስጥ ገቡ። አሥራ አራት ዓመት የጠበቅሁት የእናቴ እጅ ሥራ! መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

“ነፍሳት የሚባሉት ነፍስ ስላላቸው ነው?”

ከለቅሶው በኋላ ቁጣ መጣ። ወደ ሱቅ ወርጄ የሚረጭ የተባይ መድኃኒትና ሦስት እሽግ ናፍታሊን ገዝቼ ተመለስኩ። መኝታ ቤታችንን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ከአልጋ ሥር ያለውን ሁሉ ረጨሁ። ባናውንም በረንዳ ላይ አራግፌ የወደቁትን ትሎች ረጨኋቸው፤ በጫማዬም ረገጥኳቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ እያለኝ ነበር የረገጥኳቸው።

ያን ጊዜ ሰባት ዓመት የነበረችው ልጄ አጠገቤ ቁጢጥ ብላለች። መድኃኒቱ የነካት አንዲት ትል ሲሚንቶው ላይ ትንፈራገጣለች፤ ትጠቀለላለች፣ ትዘረጋለች፣ ደግሞ ትጠቀለላለች። ልጄ ለረጅም ጊዜ አየቻትና “እማዬ፣ እያመማት ነው?” አለችኝ።

“ትል ምን ያውቃል? ነፍሳት ናት” አልኳት።

“ነፍሳት የሚባሉት ነፍስ ስላላቸው ነው?”

መልስ አጣሁ። በልጆች አገልግሎት ውስጥ ስለ ፍጥረት የማስተምራቸው እኔ ነኝ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት “በምድር ላይ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ እግዚአብሔር ፈጠረ፤ አይቶም መልካም ነው አለ” ብዬ አስተምሬያታለሁ። በኮሌጅም በዘፍጥረት 1 ላይ ለሕያዋን ፍጥረታት የገባው የዕብራይስጥ ቃል “ኔፌሽ” እንደሆነ፣ ይኸው ቃል ለሰውም እንደሚነገር ተምሬያለሁ። ይህ ማለት ትል እንደ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥራለች፣ የዘላለም ነፍስ አላት ማለት አይደለም። ነገር ግን ሕይወቷን የሰጣት ያው ፈጣሪ ነው። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት የፈጣሪን ሥራ እያሠቃየሁ እደሰት ነበር፤ ልጄም እያየች ትማር ነበር።

በዚያው ሌሊት የሦስት ዓመቱ ወንድ ልጃችን በሳል ተነሣ። ደረቱ ያፍናል። በረጨሁት መድኃኒትና በናፍታሊኑ ቤቱ ታፍኗል። ባለቤቴ ልጁን ታቅፎ፣ እኔ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ብርድ ላይ ቆምን። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልተነጋገርንም ነበር። ልጁ ጋብ ሲልለት ባለቤቴ “ኮቱን ቆሻሻ አድርጌ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በዪኝ” አለ። እኔም ስለ ባናው ነገርኩት። እናቴ “ይሞቃችኋል?” ትል እንደ ነበርም ነገርኩት። አብረን አለቀስን፣ አብረን ጸለይን። ከዚያ በኋላ ነው “ሌላ መንገድ ይኑር እንደሆን እንጠይቅ” የተባባልነው።

ብል ምንድን ነው?

በጉባኤያችን ባዮሎጂ የምታስተምር አንዲት እህት አለች። ስለ ብል ማወቅ የጀመርኩት ከእርሷ ነው። ከዚያም ራሴ እያነበብኩ ጨመርኩበት። የተማርኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ፤ ጠላቱን ሳያውቅ የሚዋጋ እንደ እኔ ቤቱን በመርዝ ይሞላልና።

ልብስ የሚበላው ብል የእሳት ራት ወገን ነው። ይሁን እንጂ የምናውቀው የእሳት ራት ወደ መብራት ሲመጣ ይህኛው ከብርሃን ይሸሻል። ክንፍ ያወጣው ትልቁ ርዝመቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰ፣ ወርቅማ ቀለም ያለው ነው። የሚገርማችሁ ክንፍ ካወጣ በኋላ ፈጽሞ አይበላም። ልብሳችንን የሚበላው ትሉ ነው። በቤት ውስጥ ሲበር የምናየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው፤ ሴቷ መብረር ስለማትወድ በጨለማ ውስጥ በእግሯ ትሮጣለች። እንግዲህ በእጃችን እያጨበጨብን የሚበረውን ብናሳድድ ልብሳችንን አናድንም።

ሴቷ ከ40 እስከ 50፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንቁላል በልብሱ ክሮች መካከል ትጥላለች። ሙቀት ካለ እንቁላሎቹ ከ4 እስከ 10 ባሉት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላሉ። ትሏ ከተመቻት በሁለት ወር ገደማ ታድጋለች፤ ብርድ ከሆነና ምግቧ ካነሰ ግን እስከ ሁለት ዓመት ልትቆይ ትችላለች።

ምግቧ ኬራቲን የተባለው፣ ጠጉርና ላባ የተሠራበት ነገር ነው። ስለዚህ የምትፈልገው ከበግ ጠጉር የተሠራውን ነው፤ ሱፍ ኮትን፣ ሹራብን፣ ካፖርትን፣ ባናን፣ የሱፍ ምንጣፍን። ሐርንም ታበላሻለች። ጋቢያችን፣ ነጠላችንና የአገር ቀሚሳችን ግን ጥጥ ናቸው! ንጹሕ ጥጥ ለብል ትል ምግብ አይሆንም። ምግብ ወይም ላብ ካለበት ወይም ከሱፍ ጋር ከተቀላቀለ ግን ልትጎዳው ትችላለች። ስንቶቻችን ነን በታጠበ ጋቢ እጥፋት ውስጥ ናፍታሊን ስንበትን የኖርነው? (በስታርች የጠነከረ የጥጥ ልብስ ተበልቶ ካገኛችሁ፣ ክንፍ የሌላትን፣ ብርማ ቀለም ያላትንና ፈጣኗን ሌላ ነፍሳት ጠርጥሩ። እርሷ እርጥበት ስለምትወድ ሣጥኑን ማድረቅ ይረዳል።)

አሁን ዋናውን ነገር ስሙኝ። ብል የሚወደው ጨለማን፣ ጸጥታን፣ ላብና ቆሻሻ ያለበትን ሱፍ፣ ለረጅም ጊዜ ማንም ያልነካውን እጥፋት ነው። በየቀኑ የሚለበስ ኮት፣ በየሌሊቱ የሚደረብ ባና ብል አይገባውም። እናቴ ይህን በትምህርት ቤት አልተማረችም፤ ግን ታውቅ ነበር።

ናፍታሊንና የሚረጨው መድኃኒት

ናፍታሊን ከጠጣርነቱ በቀጥታ ወደ ጋዝ እየተለወጠ ያልቃል። ብልን የሚገድለው አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ጋዙ ሲታመቅ ነው። በእኛ ቁም ሣጥን ውስጥ ግን ጋዙ በየስንጥቁ ይወጣል፤ ብሉ ይተርፋል፣ የምንተነፍሰው እኛ ነን። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 ናፍታሊንን ለሰው ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከተባሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። የአውሮፓ ኅብረትም የናፍታሊን የብል እንክብል እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ከልክሏል። በተለይ እናቶች ይህን አስተውሉ፦ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሕፃናት በናፍታሊን ተቀምጦ በቆየ ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ሲጠቀለሉ ቀይ የደም ሴሎቻቸው ሊፈርሱ ይችላሉ። ለአራስ የተቀመጠ ልብስ ውስጥ ናፍታሊን አታድርጉ። ትንንሽ ልጆችም ከረሜላ መስሏቸው ይውጡታል።

በቤት ውስጥ የምንረጫቸው ብዙዎቹ የተባይ መድኃኒቶች ደግሞ የነፍሳቱን ነርቭ በማወክ የሚሠሩ ናቸው። ልጄ በረንዳ ላይ ያየችው መንፈራገጥ ይህ ነበር። የሚያጣብቅ ወጥመድም ነፍሳቱን ሳይሞቱ ለረጅም ሰዓት ያቆያቸዋል፤ ለብል ተብሎ በሽታ የሚስበው ወጥመድ ደግሞ የሚይዘው ወንዶቹን ብቻ ስለሆነ እንቁላል ጣዩን አያስቀርም።

“ለመሆኑ ነፍሳት ይሰማቸዋል ወይ?” ትሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጉባኤ ላይ ብዙ ተመራማሪዎች የፈረሙበት አንድ መግለጫ ወጥቷል። ነፍሳትን ጨምሮ አከርካሪ የሌላቸው ብዙ ፍጥረታት ስሜት ሊኖራቸው የሚችልበት ተጨባጭ ዕድል እንዳለ፣ ይህን ዕድል እያወቁ ችላ ማለትም ኃላፊነት እንደ ጎደለው የሚናገር ነው። ይህን ሳነብ ልጄ ታወሰችኝ። እርሷ በሰባት ዓመቷ ሲሚንቶ ላይ ቁጢጥ ብላ የጠየቀችው ጥያቄ ነበር።

ብልን መግደል ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። እግዚአብሔር ለሰው ፍጥረትን እንዲገዛ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ቤትን መጠበቅም የእኛ ድርሻ ነው። ነገር ግን ጻድቅ ሰው ለእንስሳው እንደሚራራ በምሳሌ 12፥10 ተጽፏል፤ በዘዳግም 22 ላይም ጎጆዋ ላይ ለተገኘች ወፍ እንኳ ሕግ ተሰጥቷል። ሥልጣን የተሰጠን በደስታ ለመርገጥ አይደለም።

እኛ ቤት የምናደርገው

አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ። ለብልም መልሱ ይኸው ሆኖ አግኝተነዋል። አንዲት ሴት እንቁላሏን በልብሳችን ላይ ሳትጥል ብናስቀር፣ በኋላ የምንገድላቸው አርባ ትሎች አይኖሩም። ኮቱም ይተርፋል፣ እነርሱም አይሠቃዩም፣ ልጆቻችንም መርዝ አይተነፍሱም። በቤታችን ይህን እናደርጋለን፦

አንደኛ፣ ቆሻሻ ሱፍ አንሰቅልም። ባለቤቴ ከአገልግሎት ሲመለስ ኮቱን በረንዳ ላይ ያናፍሰዋል፤ አንገትጌውን፣ የኪስ አፉንና ስፌቱን በብሩሽ ይጠርጋል። ለረጅም ጊዜ የማይለበስ ከሆነ ታጥቦ ወይም ላውንደሪ ገብቶ በሚገባ ሲደርቅ ብቻ ይቀመጣል።

ሁለተኛ፣ የጸዳውን ወዲያውኑ እንዘጋበታለን። ቀዳዳ በሌለው ወፍራም ፌስታል ጠቅልለን አፉን እናስራለን፤ ወይም ክዳኑ ግጥም በሚል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እናደርገዋለን። ንጹሕ ሆኖ በሚገባ የታሸገ ልብስ ውስጥ ብል ከውጭ አይገባም። የሚሞትም አይኖርም። እርጥብ ልብስ ግን አትዝጉበት፤ ይሻግታል።

ሦስተኛ፣ ያልታሸገውን በወር አንድ ጊዜ እናወጣዋለን። ፀሐይ ላይ እንዘረጋለን፣ እናራግፋለን፣ እጥፉንና ስፌቱን እንቦርሻለን። እንቁላል ካለ የሚረግፈው በዚህ ጊዜ ነው፤ ገና ሳይፈለፈል፣ የሚሰማው ነገር ሳይኖር። ይህን ሥራ ከልጆቹ ጋር ስለምናደርገው አሁን የቤቱ ደስታ ሆኗል።

አራተኛ፣ ጨለማውን እናጸዳለን። ከአልጋና ከቁም ሣጥን ሥር የሚከማች ጠጉርና ብናኝ፣ በምንጣፍ ጠርዝ ሥር ያለው ሁሉ ለብል ማዕድ ነው። በጣሪያ ሥር ያለ የወፍ ጎጆም ላባና ጠጉር ስላለበት የብል መራቢያ ይሆናል። እኛ ግን ጫጩቶቹ በርረው እስኪሄዱ ጠብቀን ነው ጎጆውን የምናነሣው።

አምስተኛ፣ ክንፍ ያወጣ ብል ካየን በብርጭቆ ከድነን፣ ከሥሩ ወረቀት አስገብተን ወደ ውጭ እናወጣዋለን። ቀሪ ዕድሜው ጥቂት ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንተኛም፤ አንዱን ማየት “ሣጥኑን ፈትሹ” የሚል ደወል ነው።

ብሉ ከገባስ?

አንዳንዴ እንዘገያለን፤ ትሉ ገብቶ እናገኘዋለን። ያን ጊዜ መግደል ግድ ይሆናል። ምሕረት ማለት ማመንታት አይደለም፤ ብንተወው ይበዛና የሚሞተውም ይበዛል። እኛ የመረጥነው ብርድን ነው። ነፍሳት የሰውነታቸው ሙቀት ከአካባቢያቸው ጋር ስለሚወርድ ሲበርዳቸው እንቅስቃሴያቸው እየደከመ ይሄዳል፤ ከመሞታቸውም በፊት ፍዝዝ ብለው መንቀሳቀስ ያቆማሉ። ልብሱን በፌስታል ጠቅልለን፣ አየሩን አውጥተን፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት እናቆየዋለን። በመካከል መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ከቀለጠ ቀኑን ከአንድ እንጀምራለን። ሲወጣም ፌስታሉን ሳንፈታ አንድ ቀን እናሳድረዋለን፤ አለበለዚያ ጠሉ ልብሱን ያረጥበዋል። ከዚያ አራግፈን፣ ቦርሸን፣ አሽገን እናስቀምጣለን። ዲፕ ፍሪዘር የሌለን ጊዜ ከእህቶች ቤት እንለምን ነበር። የመጋቢ ካፖርት ከዶሮ ሥጋ አጠገብ ተኝቶ ያየች አንዲት እህት እስከ ዛሬ ትስቅብናለች!

“ሰው እየተራበ ለብል?”

ይህን ሁሉ በእህቶች ኅብረት ላይ ስናገር አንዲት እህት “እህቴ፣ ሰው እየተራበና እየበረደው አንቺ ለብል ታዝኛለሽ?” አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መልሱንም ያገኘሁት ከዚያው ከሣጥኔ ነው።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ፣ በማቴዎስ 6፥19 ላይ፣ ብል ስለሚያገኘው መዝገብ ሲናገር በግሪኩ የገባው ቃል “ሴስ” ነው፤ ይህንኑ ልብስ በላ ያመለክታል። በዚያ ዘመን ልብስ እንደ ወርቅ የሚከማች ሀብት ነበር። ያዕቆብም በመልእክቱ 5፥2 ላይ ባለጠጎችን ሲገሥጽ ብል የበላውን ልብሳቸውን ያነሣል። ይህን ክፍል በኮሌጅ ተምሬው ፈተና ወድቄበት አላውቅም። ነገር ግን ብል የሚበላው የተከማቸውን ነው እንጂ የሚለበሰውን አለመሆኑን ያስተዋልኩት በእናቴ ባና ላይ ነው።

እኔና ባለቤቴ ሣጥኖቻችንን ሁሉ ስንፈትሽ የማንለብሳቸው ሦስት ኮቶች፣ አምስት ሹራቦች፣ አንድ ካፖርት ተገኙ። ሐምሌ ሲገባ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚንቀጠቀጡ ሰዎች በጉባኤያችን መካከል ነበሩ። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል መጥምቁ ዮሐንስ በሉቃስ 3 የተናገረውን ባለቤቴ ስንት ጊዜ ሰብኮታል! አጽድተን አከፋፈልናቸው። በባዶ ሣጥን ውስጥ ብል ምን ይሠራል? ትሉን ሳይገድሉ ማስቀረትና የበረደውን ማልበስ ለካ አንድ ሥራ ነው።

ባናውንም አልጣልኩትም። በብርድ ካጸዳነው በኋላ የተበላውን ክፍል ቆርጬ አወጣሁና ደህናውን ሁለት ቦታ ከፍዬ ጠርዙን ሰፋሁት። አንዱ በልጆቻችን አልጋ ላይ ነው፤ በየሌሊቱ ይደረባል። ሁለተኛውን ከቤተ ክርስቲያናችን አቅራቢያ ብቻቸውን ለሚኖሩ አንዲት እማማ ይዤ ሄድኩ። ተቀብለው ፊታቸው ላይ አደረጉትና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም “ልጄ፣ ይህ የመንዝ ጠጉር ነው አይደል? የእናቴ ቤት ሸተተኝ” አሉኝ። ለካ እርሳቸውም የመንዝ ሰው ኖረዋል።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሆነ። እማማን ልጠይቅ ስሄድ ባናው ትከሻቸው ላይ ነው፤ ብል አልነካውም። “ይሞቅዎታል?” እላቸዋለሁ። ለእናቴ በደስታ ልመልስላት ይገባኝ የነበረውን መልስ እርሳቸው ይመልሱልኛል።

ውድ ባልና ሚስት አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን አጥፉና አብራችሁ ሣጥናችሁን ክፈቱ። የቆሸሸውን አጽዱ፣ የጸዳውን ልበሱ፣ የማትለብሱትን ሳይበላ ስጡ። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ግን አትከራከሩ፤ እኛ ሞክረነው ኮቱን አላዳነውም። ልጆቻችሁንም አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ በትንሹ ፍጥረት ላይ እጃችሁ እንዴት እንደሚሆን እያዩ ነውና።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።